ኪሎ ሜትር ከመቁጠር ቱቦ እንቁጠር

አስተያየት፣ ከጁባ

ባለፈው የዝናብ ወራት ፍየል የጫኑ ሦስት አይሱዙዎች ከኒሙሌ ወደ ጁባ ሲመጡ አንድ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ አጠገብ ቆመው አደሩ። አንደኛው የእኔን ጭነት የያዘው ነበር። መንገዱ አስፋልት ነው፤ አስፋልቱም አልተሰነጠቀም። ከኮረብታው የወረደው ጎርፍ ቱቦው ስለጠበበው ዞሮ የመንገዱን ትከሻ በላው፤ ከዚያም ከሥሩ የነበረውን ሙሌት አፈር ጠርጎ ወሰደው። ሹፌሩ ሌሊት ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አስፋልቱ አለ፤ ከሥሩ ግን መሬት የለም» አለኝ። መጀመሪያ የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር።

ሲነጋ ሰባት ፍየል ሞቶ ተገኘ። ሰባት ፍየል ነጋዴ አይጥልም፤ የጣለኝ ሌላው ነው። ዓርብ ማታ መግባት የነበረበት ጭነት እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ለቅዳሜና እሑድ ሥጋ የሚፈልጉት ሆቴሎችና ሉካንዳዎች ከሌላ ሰው ገዝተው ጨርሰዋል። የተረፉት ፍየሎች ሁለት ቀን ዝናብ ሲወርድባቸው፣ ሳይበሉ፣ ተጨናንቀው ቆመው፣ ሆዳቸው ተጣብቆ ወረዱ። ደላላው አንዷን ጀርባዋን ዳበሳትና «ይቺ እኮ አጥንት ናት» ሲለኝ የምመልስለት አልነበረኝም። ለሹፌሩና ለረዳቱ የሁለት ቀን አበል፣ መኪናው ባደረበት ቦታ «ጠባቂዎች ነን» ላሉ ጎረምሶች፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞልተው ላሳለፉን ሌሎች ጎረምሶች፣ ለሁሉም ተከፈለ። ሒሳቡን ሳወራርድ ከኪሳራዬ ሁሉ ትንሹ የሞቱት ፍየሎች ዋጋ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። ከእናንተ ውስጥ ከዚህ የባሰ ያላየ የለም። የምጽፈው፣ እኛ ነጋዴዎች በተሰበሰብን ቁጥር የምንጠይቀው ነገር የተሳሳተ መስሎ ስለታየኝ ነው። ሁልጊዜ የምንጠይቀው አስፋልት ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ? ስንት ቀረ? እኔም ለዓመታት ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። አሁን ግን ዝናቡና ሙቀቱ እንዲህ እየተለወጡ ባሉበት አገር ለንግዳችን የሚወስነው ከላይ የሚታየው ጥቁር ንጣፍ አይደለም፤ ከሥሩ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ቀዳዳ መርቆ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የጁባ–ኒሙሌ መንገድ 192 ኪሎ ሜትር ነው። በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት ገንዘብ ተሠርቶ በ2012 ሲጠናቀቅ ለአዲሲቱ አገር የመጀመሪያው አገር አቋራጭ አስፋልት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ዛሬ የጁባ ሆድ በዚህ አንድ መስመር ላይ ተንጠልጥሏል። ዱቄቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ነዳጁ፣ ከሞምባሳ ወደብ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ፣ ከዩጋንዳ የሚገባው ፍየልና ከብት ጭምር በኤሌጉና በኒሙሌ በኩል ያልፋል። ሌላው የአገሪቱ መንገድ በአብዛኛው አፈር ነው፤ አፈሩም ዋልካ። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት አብጦ ጎማ ይይዛል። ዝናቡ ሲበረታ ከአገሪቱ ከግማሽ የሚበልጠው በመኪና አይደረስበትም። ለዚህ ነው በበጋ ከቴሬኬካ፣ ከቦር፣ ከይሮልና ከሩምቤክ በእግሩም በመኪናም ወደ ጁባ የሚመጣው ሰንጋ በክረምት ሲቀጥን የኒሙሌው መስመር ብቻውን የሚቀረው።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ብዙዎቻችን «ጎርፍ» ስንል አንድ ነገር የምናወራ ይመስለናል። ግን ሁለት ዓይነት ውሃ ነው የሚያጠቃን፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

አንደኛው ቀርፋፋው ውሃ ነው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ጂንጃ ላይ ይወጣል፣ በኪዮጋና በአልበርት ሐይቆች በኩል ያልፋል፣ በኒሙሌ ወደ ደቡብ ሱዳን ይገባል፣ ጁባን አልፎ በሞንጋላና በቦር በኩል ሱድ ረግረግ ውስጥ ይሰራጫል። ይህ ውሃ አይቸኩልም። ሐይቁ ሲሞላ ወራት ቆይቶ ነው ታች የሚሰማው፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ ለመሄድ ዓመታት ይፈጅበታል። ሽማግሌ የቦር ከብት አርቢዎች የ1961ዱን ዝናብ እስከ ዛሬ የሚያወሩት በከንቱ አይደለም። ያኔ በዓመቱ መጨረሻ የጣለው ዝናብ የቪክቶሪያን ሐይቅ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ አደረገው፤ የሱድ ረግረግም ከዕጥፍ በላይ ሰፋ። የግጦሽ ሜዳው በውሃ ተዋጠ፣ ከብቱ አለቀ፣ ረግረጉም ወደ ቀድሞ መጠኑ ሳይመለስ ብዙ ዓመት ቆየ።

በ2019 መጨረሻ ተመሳሳይ ነገር ተጀመረ። በሕንድ ውቅያኖስ የምዕራቡ ክፍል፣ ማለትም የእኛ ወገን፣ ከልክ በላይ ሞቀ፤ ምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ተጥለቀለቀ። በግንቦት 2020 ሐይቁ የ1964ቱን ከፍታ ደረሰበት። በግንቦት 2024 ደግሞ ያንንም አለፈው። በመካከሉ ደቡብ ሱዳን ከ2019 እስከ 2022 አራት ዓመት በተከታታይ በጎርፍ ተመታች። ቦር በ2020 በውሃ ተያዘች፤ ሕዝቧ ወደ ሞንጋላ ሸሸ። ቤንቲዩ እስከ ዛሬ ደሴት ናት ማለት ይቻላል፤ ከተማዋን፣ የተፈናቃዮቹን ሰፈርና የአውሮፕላን ማረፊያውን ከውሃው የለየው የአፈር ግድብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ መሐንዲሶች፣ ፓኪስታናውያን ናቸው፣ ያንን ግድብ በቁፋሮ መኪና ሲያሳድጉ ሲጠግኑ ዓመታት አለፉ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ከብት በጎርፉና ጎርፉ ባመጣው በሽታ አልቋል። የሞተውን ከብት የሚያውቅ ሰው የእኛን ገበያ ያውቃል፤ ያ ከብት የነገ አቅርቦታችን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ አንዳንዶቻችሁ ላትወዱት ትችላላችሁ። ጎርፍ ሲመጣ «ከብት ረከሰ» ብለን ደስ የሚለን ነጋዴዎች አለን። እውነት ነው፣ ውሃ የከበበው አርቢ በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ግን በዚያው ሳምንት ጁባ ላይ ሥጋ ይወደዳል። ሁለቱ ዋጋዎች በአንድ ጊዜ ርካሽና ውድ የሚሆኑት በመካከላቸው የሚያልፍ መኪና ስለሌለ ነው። ያንን ርካሽ በሬ የገዛ ሰው ጁባ ማድረስ አለበት። በውሃ ውስጥ ሳምንታት የቆመ ከብት ኮቴው ቆስሏል፣ ጉበቱ ትል ገብቶበታል፤ ሲታረድ ደግሞ ባለ ሉካንዳው ጉበቱን አውጥቶ ፊትህ ላይ ይጥልልሃል። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬው ተምሬአለሁ። ከዚህም ሌላ ውሃ የነቀለው አርቢ ከብቱን እየነዳ ወደ ደቡብ፣ ወደ ማግዊና ወደ ኒሙሌ አካባቢ ይወርዳል፤ ከገበሬው ጋር ይጋጫል፤ ከ2015 ጀምሮ ፕሬዚዳንቱ ከብቶቹ ከኢኳቶሪያ ወጥተው ወደ መጡበት ይመለሱ ብለው ደጋግመው አዘዋል። ግን የመጡበት ቦታ ውሃ ከሆነ ወዴት ይመለሳሉ? ግጭቱ ባለበት ሳምንት ደግሞ በዚያ መንገድ ጭነት የሚልክ ነጋዴ ወይ ደፋር ነው ወይ ዕዳ ያለበት ነው።

ለቀርፋፋው ውሃ ቱቦ አይበቃም። ግን ከሩቅ ይታያል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዶላሩን ምንዛሪ በየቀኑ ጠዋት የምንጠይቅ ሰዎች ነን። የጂንጃን ከፍታ ግን ማን ይጠይቃል? ዩጋንዳ የሐይቁን ከፍታ ትለካለች፤ ሐይቁ ሲሞላም መንግሥቷ በይፋ ያስጠነቅቃል። በ2024 የጁባ መንግሥት ሕዝቡን አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ከዚያ በመጣ ወሬ ነው። የኢጋድ የአየር ትንበያ ማዕከል፣ ኢክፓክ የሚባለው፣ በዓመት ሦስት ጊዜ የወቅቱን ዝናብ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ይስታል አትበሉኝ፤ ደላላም ይስታል፣ እሱን ግን እንሰማዋለን። ሐይቁ በሚያዝያ ሞልቶ እያየ በሐምሌ ከቦር ማዶ ላለ ከብት ቀብድ የሚከፍል ነጋዴ ዕድሉን አይውቀስ።

ሁለተኛው ፈጣኑ ውሃ ነው። ይህ ከሐይቅ አይመጣም፤ ከሰማይ ነው። የሞቀ አየር ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል፤ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ሰባት በመቶ ገደማ ይጨምራል ይላሉ ሳይንቲስቶቹ። ስለዚህ ዝናቡ የዓመት ድምሩ ባይጨምር እንኳ ሲመጣ በአንድ ከሰዓት ይደፋል። የእኔን ፍየሎች ያስቆማቸው ይኸኛው ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ መንገዱ ኮረብታማ ነው፤ በጋ ላይ አሸዋ ብቻ የሚታይባቸው ሸለቆዎች በሁለት ሰዓት ዝናብ ወንዝ ይሆናሉ። ድንበሩ ላይ ያለችው ኤሌጉ ራሷ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ ኡኒያማ ወንዝ በሞላ ቁጥር ሱቁም፣ የመኪና ማቆሚያውም፣ ጉምሩክ የሚጠብቀው ጭነትም ውሃ ውስጥ ይቆማል። የድንበር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያም ሆኖ ጭነታችን ወረፋ ሲጠብቅ የሚያድረው እዚያው ነው።

መሐንዲስ ቱቦ ሲተልም «በ10 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ»፣ «በ25 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ብሎ ነው። ያ ቁጥር የሚገኘው ካለፈው የዝናብና የወንዝ መዝገብ ነው። አንደኛ፣ ያለፈው ለመጪው መለኪያ መሆኑ እየቀረ ነው፤ የ25 ዓመቱ ጎርፍ በየአምስት ዓመቱ ከመጣ ቱቦው ጠባብ ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ አገር መዝገቡ ራሱ የተቆራረጠ ነው። በ1983 ጦርነቱ ሲነሳ የዝናብና የወንዝ መለኪያዎቹ ተቋረጡ፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሚለካ ጠፋ። እንግዲህ መንገድ የሚሠራ ሰው የሚያገላብጠው መዝገብ መሐሉ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ገጽ የሚሞላው ማነው? ውሃው የት ድረስ እንደመጣ በዛፍ ላይ የሚያሳይህ አርቢ ነው፤ መንገዱን በወር አራት ጊዜ የሚመላለስበት ሹፌር ነው። እነዚህን ጠርቶ ያነጋገረ የመንገድ አጥኚ ቡድን እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። አለ የምትሉ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። በዝርግ መሬት ላይ መንገድ ከፍ አድርገህ ስትሞላ መንገድ ብቻ አይደለም የሠራኸው፤ ግድብም ሠርተሃል። ውሃው በአንድ ወገን ይጠራቀማል፣ በሌላው ወገን ግጦሽ ይደርቃል። ቱቦው ካነሰ ወይ ውሃው መንገዱን ይበጥሰዋል፣ ወይ ሜዳው የሰመጠበት ሰው ሌሊት አካፋ ይዞ መጥቶ ራሱ ይቆርጠዋል። የሚቆርጠውን ሰው «አጥፊ» ማለት ቀላል ነው። ከብቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ እያየ የእኛን አይሱዙ እንዲያስብልን የምንጠብቀው በምን ሒሳብ ነው?

ይህ አገር ይህን ትምህርት አንድ ጊዜ በውድ ዋጋ ከፍሎበታል። የጆንግሌይ ቦይ ቁፋሮ በ1978 ተጀመረ። 360 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ታስቦ 260 ያህሉ ከተቆፈረ በኋላ በ1984 በጦርነቱ ምክንያት ቆመ። ከጎኑ መንገድ እንዲሄድም ታቅዶ ነበር። ዶክተር ጆን ጋራንግ አሜሪካ ሳሉ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በዚያው አካባቢ ልማት ላይ እንደጻፉ ብዙ ሰው አያውቅም። ያ ቦይ እስከ ዛሬ ውሃ አላሳለፈም፤ ግን ገደላማ ጥልቅ ጉድጓድ ሆኖ ከበጋ ግጦሽ ወደ ክረምት ግጦሽ የሚሄደውን ከብት አግዶ ቀርቷል። ሲተለም የከብት መሻገሪያ እንደ ትርፍ ነገር ነበር የታየው። ለእኛ ግን መሻገሪያው ነበር ዋናው።

ስለ ሙቀቱ አጭር ልበል። በመጋቢት 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በየካቲት 2025 ደግሞ ጁባ ላይ ተማሪዎች ራሳቸውን እየሳቱ ወድቀው እንደገና ተዘጉ። በዚያ ሙቀት አስፋልት ይለሰልሳል፤ ከልክ በላይ የጫነ ተሳቢ ሲያልፍበት ጎማው መስመር እያወጣ ይሄዳል፤ በዚያ መስመር ላይ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይተኛል፣ ጉድጓዱ ከዚያ ይጀምራል። ከልክ በላይ የሚጭነው ማን እንደሆነ እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ መስታወት አለን። ከብት የሚጭን ሰው በሙቀቱ ወራት ማታ ይጫን፣ ውሃ ያጠጣ፣ ቁጥር ይቀንስ። ይህን የማያደርግ ሰው መንገዱ ቢስተካከልለትም ይከስራል።

አንዳንድ ሰው «ዩጋንዳ በኩል መንገዱ ጥሩ ነው፣ ችግሩ እዚህ ብቻ ነው» ይላል። በመስከረም 2024 የካሩማ ድልድይ ለጥገና ሲዘጋ ምን እንደሆነ አስታውሱ። በ1963 የተሠራ ድልድይ ነው፤ እርጅና እንጂ ጎርፍ አልነበረም ያዘጋው። መኪናው ሁሉ ወደ ሌሎች መስመሮች ዞረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ በፓክዋች በኩል ያለውን መንገድ ታንጊ ላይ ጎርፍ ቆረጠው። አንዱ በር በዕቅድ ሲዘጋ ሌላው ያለ ዕቅድ ተዘጋ። ኬንያ ውስጥም በኅዳር 2023 እና በሚያዝያ 2024 ከጋሪሳ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው አስፋልት በጎርፍ ተቋርጦ፣ በቀጣናው ካሉት ትልልቅ የከብት ገበያዎች አንዱ ከናይሮቢ ተለያይቶ ነበር። ያ አካባቢ ከዚያ በፊት አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎበት ከብቱ በድርቅ ያለቀበት ነው። ከድርቁ የተረፈውን ጎርፍ መንገድ ዘጋበት። እንግዲህ አስፋልት መኖሩ ብቻውን አላዳነም።

አሁን እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ወደሚመለከተው ልግባ። ኢትዮጵያ ለደቡብ ሱዳን 738 ሚሊዮን ዶላር አበድራ፣ ከጋምቤላ ድንበር ከፓጋክ ተነስቶ ወደ ፓሎይች የነዳጅ አካባቢ የሚደርስ ወደ 220 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ እንዲሠራ ሁለቱ መንግሥታት በ2023 ተስማምተዋል፤ ክፍያውም በድፍድፍ ነዳጅ እንዲሆን። ወሬው ጁባ ሲደርስ ሻይ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። የኑዌር ከብት፣ የጋምቤላ ገበያ፣ ከዚያም በመቱና በጎሬ በኩል ወደ መሐል አገር የሚሄድ መስመር፣ ሁሉም በዓይኔ ታየኝ። መቶ ዓመት ሲመለስ፣ በእንፋሎት መርከብ በባሮ ላይ ቡናችን ከጋምቤላ ወደ ካርቱም ይወርድ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ይህ መስመር አዲስ እንዳልሆነ ያውቃል።

ግን መንገዱ የሚያልፍበትን ምድር ተመልከቱ። በባሮና በሶባት ሰሜን ያለው ሜዳ የማቻር ረግረግ አካባቢ ነው። ባሮ ሲሞላ ከዳርቻው እየፈሰሰ ወደዚያ ይገባል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ዳጋና ያቡስም እዚያው ገብተው ይጠፋሉ። በጋምቤላ ከባድ ዝናብ ሲጥል ኢታንግና ላሬ እንዴት እንደሚሰምጡ የምናውቅ ሰዎች ነን። ያ ውሃ ወርዶ የሚተኛው በዚህ መንገድ መስመር ላይ ነው። በብድር ገንዘብ፣ በነዳጅ በሚከፈል ዕዳ፣ ረግረግ ላይ ጠባብ ቱቦ ያለው መንገድ ከተሞላ በሦስተኛው ክረምት የሚቀረው ዕዳው ብቻ ነው። እኔ ብጠየቅ 220 ኪሎ ሜትር አስፋልት በጥቂት ቱቦ ከሚሠራ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ የጠጠር መንገድ በበቂ ድልድይና ቱቦ ይሠራልኝ እላለሁ። ኮረኮንች ጎማ ይበላል፤ ጎማ ግን ይገዛል። አስፋልት ለመልበስ ሁልጊዜ ጊዜ አለ፤ ሙሌቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ቱቦ ለማስገባት ግን መንገዱን እንደገና መቁረጥ ነው። ከዚህ ጋር የከብት መተላለፊያ ይጨመርበት፤ ከብት ከመንገዱ ሥር ወይም በተዘጋጀ ቦታ ላይ የሚሻገርበት፣ በየተወሰነ ርቀትም ጎርፍ ሲመጣ መኪና ከነጭነቱ የሚቆምበት ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ።

ይህን ለጓደኞቼ ስናገር አንዱ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ስለ ውሃ ታወራለህ፤ ከእኛ ገንዘብ የሚበላው ኬላው ነው፣ ጠመንጃው ነው» አለኝ። አልተሳሳተም። በዚህ አገር መንገድ ላይ የተዘረጋውን ገመድ ሁሉ የከፈልንበት እኛ ነን። ግን እስቲ አስተውሉ፣ አዲስ ገመድ የት ነው የሚዘረጋው? መኪና ቀስ በሚልበት ነው። ጉድጓድ ባለበት፣ ጭቃ ባለበት፣ ቱቦ በፈረሰበት። የሚሮጥ መኪና ለማስቆም ኃይል ይጠይቃል፤ የተቀረቀረ መኪና ግን ራሱ ቆሞ ይጠብቃል። የእኔ ሦስት አይሱዙዎች በቆሙበት ሌሊት መጀመሪያ የመጡት ገፊዎች አልነበሩም፤ «ጠባቂዎች» ነበሩ። ስለዚህ ኬላውንና ውሃውን ሁለት ነገር አድርጌ አላያቸውም።

የነጻነት ድልድይን ከጉምቦ በኩል በተሻገርኩ ቁጥር አንድ ነገር አስባለሁ። ጃፓኖች የሠሩት ነው፣ በ2022 ተከፈተ፣ 560 ሜትር ነው። ከዚያ በፊት ከተማው ሁሉ ይተላለፍበት የነበረው አሮጌው የብረት ድልድይ በ2006 አንድ ክፍሉ ወድቆ እንደነበር የቆዩ ሰዎች ያውቃሉ። አዲሱን ለመሥራት ዓመታት ፈጀ፤ ጦርነትም ሥራውን አቋርጦት ነበር። ቸኩለው ግን አላሳነሱትም፤ ወንዙ ሞልቶ ሲመጣ ከሥሩ ሰፊ ቦታ አለው። ወንዙን አይተው ነው የሠሩት። ለትልቁ ወንዝ የተደረገው ጥንቃቄ ለትንንሾቹ ሸለቆዎች ቢደረግ ኖሮ የእኔ ጭነት ዓርብ ማታ ይገባ ነበር።

ማኅበሮቻችን በመጪው ጊዜ ባለሥልጣን ፊት ሲቀርቡ «አስፋልት» የሚለውን ቃል ለጊዜው ትተው ሁለት ነገር ብቻ እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ በየበሩ በከብት ራስ ከምንከፍለው ውስጥ የተወሰነው ቱቦ ለመጥረግና ለማስፋት እንዲመደብና ሥራው ዝናብ ሳይገባ፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ እንዲያልቅ። ብዙ ቱቦ የሚፈርሰው ጠቦ ብቻ አይደለም፤ በቅጠል፣ በአሸዋና በፕላስቲክ ተደፍኖ ነው። አንድ ወር የአካፋ ሥራ ነው፤ ለዚያ ጉድጓድ የከፈልኳቸው ጎረምሶች በደስታ ይሠሩት ነበር። ሁለተኛ፣ የፓጋክ መንገድ ንድፍ ሳይቆለፍ ከሁለቱም ወገን የከብት ነጋዴና አርቢ እንዲጠየቅ። አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች በዚህ ላይ ከእኛ የተሻለ በር አላችሁ።

እኔ በበኩሌ ደብተር ጀምሬአለሁ። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ውሃ መንገዱን የበላባቸውን ወይም ያለፈባቸውን ቦታዎች ሹፌሮቹ ሲነግሩኝ እጽፋለሁ፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ስንት ሰዓት እንደቆዩ፣ ቱቦው ስንት ዓይን እንዳለው። እስካሁን አሥራ አንድ ቦታ ደርሷል፤ አራቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመዝግበዋል። በቦር፣ በቶሪትና ካፖኤታ፣ በጋምቤላና ኢታንግ መስመር የምትመላለሱ የየራሳችሁን ላኩልኝ፤ ዝናቡ ሳይገባ አንድ ላይ አድርጌ በዚሁ ጋዜጣ አወጣዋለሁ።